የጉዞ አፕ ሠርቻለሁ፣ ተጠቃሚም አለው፤ ገቢውስ ከየት ይምጣ?

ሻንጣዬ

ሰላም ለሁላችሁ። የጉዞ ዕቅድ ማውጫ አፕ ሠርቻለሁ። ሰው የሚሄድበትን ከተማና ቀን ያስገባል፣ ማየት የሚፈልጋቸውን ቦታዎች በየቀኑ ይደለድላል። ካርታው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አብረው የሚጓዙ ሰዎች ደግሞ አንዱን ዕቅድ በጋራ ማረም ይችላሉ።

ሰዉ ወዶታል፣ የሚጻፍልኝ አስተያየትም ጥሩ ነው። ግን እስካሁን ምንም አላስገባም። የሰርቨሩና የካርታው ሂሳብ ደግሞ ወር በመጣ ቁጥር ይመጣል። ወይ ማስታወቂያ ወይ ወርሃዊ ክፍያ ላስገባ አስቤያለሁ። ሌላ መንገድ የምታውቁ፣ በተለይ ሞክራችሁ ያያችሁ ካላችሁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ አፑን ላበላሸው አልፈልግም። ሰው ለዕረፍቱ ብሎ የሚከፍተው ነገር ነውና መጨናነቅ የለበትም።

ኮደሩ

ወርሃዊ ክፍያውን ለጊዜው ተወው። ወርሃዊ ክፍያ ለሙዚቃ አፕ ይሆናል፣ ሙዚቃ ሰው በየቀኑ ይሰማልና። ጉዞ ግን አብዛኛው ሰው በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው የሚሄደው። ከጉዞው ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ክፍያውን ማቋረጥ ነው፣ አይፈረድበትም። ማቋረጥ ከረሳ ደግሞ የባሰ ነው። ከወራት በኋላ ካርዱ ላይ ሲያየው አንድ ኮከብ ሰጥቶህ ይሄዳል።

ወርሃዊም ሆነ ዓመታዊ ክፍያ የተሳካላቸው የጉዞ አፖች የሉም ማለቴ አይደለም። ኦልትሬይልስን እይ። የእግር ጉዞ መንገዶችን የሚያሳይ አፕ ነው፣ በ2023 (እ.ኤ.አ.) አፕል የዓመቱ ምርጥ የአይፎን አፕ ብሎ መርጦታል። እዚያ ሰው በዓመት የሚከፍለው በየሳምንቱ መጨረሻ በቅርቡ ወዳለ ተራራ ወይ ጫካ ስለሚወጣ ነው። የበረራና የሆቴል ማረጋገጫዎችን በአንድ ቦታ የሚሰበስበው ትሪፕኢትም ዓመታዊ ክፍያ አለው፤ ደንበኞቹ ግን ለሥራ የሚመላለሱ፣ ከአውሮፕላን አውሮፕላን የሚዘሉ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ራስህን የምትጠይቀው «ምን ያህል ላስከፍል» ብለህ አይደለም። ሰዉ አፔን በዓመት ውስጥ መቼ መቼ ነው የሚከፍተው? መልሱ «ለአንድ ጉዞ» ከሆነ ክፍያውም ለአንድ ጉዞ ይሁን። የጉዞ ፓስ በለው። አንዴ ይከፍላል፣ ለዚያ ጉዞ ሁሉም ነገር ይከፈትለታል፣ አለቀ። የሚያቋርጠው ነገር የለም።

የሒሳብ ሰው

ከኮደሩ ጋር እስማማለሁ። እኔ ስለ ማስታወቂያው ልጨምር።

ማስታወቂያ የሚያዋጣው ብዙ ሰው በየቀኑ፣ በቀንም ደጋግሞ ለሚከፍተው አፕ ነው። ያንተን አፕ ሰው ለጥቂት ሳምንት አጥብቆ ይይዘውና ለወራት ይረሳዋል። ሌላም ነገር አለ፣ ብዙዎች የማያስተውሉት። አፑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ብለሃል። ማስታወቂያ ግን ያለ ኢንተርኔት አይመጣም። ሰውየው አፑን አሥር ጊዜ የሚከፍተው ባዕድ ከተማ ውስጥ ዳታውን አጥፍቶ ሲዞር ነው። ልክ በዚያ ሰዓት የማስታወቂያው ቦታ ባዶ ነው።

በዚያ ላይ አፕል በ2021 ከአይኦኤስ (የአይፎን ሥርዓት) 14.5 ጀምሮ አንድ አፕ ተጠቃሚውን በሌሎች አፖችና ድረ ገጾች ላይ ከመከታተሉ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ አስገድዷል። ብዙ ሰው ሲጠየቅ እምቢ ይላል። ማንነቱ ላልታወቀ ሰው የሚታይ ማስታወቂያ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ይኼ ነው። የማስታወቂያው ሥርዓት ጉዞ እንደምታስብ ካወቀ የሚያመጣልህ የትልልቅ ሆቴል ማስያዣ ድርጅቶችን ባነር ነው። ተጠቃሚህ ነክቶ ይሄድና ክፍል ይይዛል። ለአንተ ስለ ንክኪው ጥቂት ሳንቲም ይደርስሃል። ያው ሰው በኮሚሽን ሊንክ (ሲገዛበት ለላከው ሰው ድርሻ በሚያስገኝ ሊንክ) ቢሄድ ኖሮ የምታገኘው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ትኬት ቆራጯ

ኮሚሽን ከተነሳ እኔም ልግባ። የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ነገሩን ከወዲያኛው ወገን አውቀዋለሁ።

የጉዞ አፕ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የአውሮፕላን ትኬት ነው። ትኬት ውድ ስለሆነ ኮሚሽኑም ትልቅ ይመስላል። አይደለም። አየር መንገዶች ለወኪል የሚከፍሉትን መቁረጥ የጀመሩት ጥንት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1995 ዴልታ ለኮሚሽኑ ጣሪያ አበጀለት፣ ሌሎቹም ተከተሉ። በ2002 ደግሞ መደበኛውን ኮሚሽን ጭራሽ አስቀረው፤ ያኔም ትልልቆቹ ለመከተል ጊዜ አልፈጀባቸውም። ዛሬ ከትኬት ሽያጭ ለአንድ ትንሽ አፕ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው።

ሆቴል ሌላ ነው። አየር መንገድ ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፣ በራሱ ድረ ገጽ ይሸጣል። ሆቴል ግን በየመንደሩ አለ። ባለ 20 ክፍሏን ሆቴል ከሌላ አገር የሚመጣ ሰው በስም ሊያውቃት አይችልም። ዛሬ ማታ ያልተያዘ ክፍል ደግሞ ነገ አይሸጥም፣ ገቢው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ሆቴል ለአገናኝ ይከፍላል። ትልልቆቹ የማስያዣ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ከክፍሉ ዋጋ 15 በመቶ አካባቢ ይወስዳሉ። አንተ ሰው ስትልክላቸው ከዚያ ላይ ያካፍሉሃል።

ለምሳሌ እንግዳው በ100 ዶላር ሒሳብ 3 ሌሊት አደረ እንበል፤ 300 ዶላር ነው። 15 በመቶው 45 ዶላር ይሆናል። ውልህ ሲሶውን የሚሰጥህ ከሆነ 15 ዶላር ደረሰህ። ከአንድ ሰው ነው ይኼ። ማስታወቂያ ይህን ለማምጣት ስንት ሺህ ጊዜ መታየት እንዳለበት የሒሳብ ሰው ያስላልህ።

አስጎብኚና የመግቢያ ትኬት የሚሸጡትም (ቪያተር፣ ጌትዩርጋይድ) ለሚያመጣላቸው ሰው ከሽያጩ 8 በመቶ አካባቢ ይከፍላሉ።

አሁን የሚያምመውን ልንገርህ። ገንዘቡ ይዘገያል። ሰውየው ዛሬ ይይዛል፣ ከአራት ወር በኋላ ያድራል፣ ሒሳብህ የሚታሰበው ካደረ በኋላ ነው። ከሰረዘ ባዶ ነው። 2020ን አስታውሱ። ዓለም አቀፍ ጉዞ ከ70 በመቶ በላይ ወደቀ። ወደፊት ይገባል ተብሎ የተቆጠረ ኮሚሽን ሁሉ በስረዛ አለቀ። ስለዚህ የያዘልህን ሰው ሁሉ እንደ ገቢ አትቁጠር።

ሻንጣዬ

እህታችን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይኼን ያህል ዝርዝር አልጠበቅኩም። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። አፕል እና ጉግል ከአፕ ሽያጭ 30 በመቶ ይወስዳሉ ሲባል ነው የምሰማው። ከዚች 15 ዶላርም ይነሳብኛል?

ኮደሩ

አይነሳብህም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል።

ሆቴል፣ አስጎብኚ፣ ትራንስፖርት ሁሉ ከአፑ ውጭ በአካል የሚሰጥ አገልግሎት ነው። እንዲህ ላለው የአፕልና የጉግል አፕ መሸጫዎችን (የስቶሮቹን) የውስጥ ክፍያ አትጠቀምም። አፕል እንዲያውም አትጠቀም ነው የሚልህ፤ በካርድ ወይም በሌላ መንገድ ይከፈላል። ኮሚሽን የሚቆርጡት አፑ ውስጥ ከሚበላ ዲጂታል ነገር ላይ ነው። የጉዞ ፓስ፣ የኦፍላይን (ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ) ካርታ፣ ማስታወቂያ ማጥፊያ እዚያ ይገባሉ።

እሱም ቢሆን ለትንንሾች 30 አይደለም። አፕል ከጥር 2021 ጀምሮ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሚያስገቡ 15 በመቶ አድርጎታል። ግን ማመልከት አለብህ፣ ዝም ብለህ ከተቀመጥክ 30ው ነው የሚቆረጥብህ። ጉግልም በሐምሌ 2021 በየዓመቱ ከመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ዶላር ላይ የሚወስደውን ወደ 15 በመቶ ዝቅ አድርጓል። ሁለቱንም ዛሬውኑ አስተካክል።

ሌላው ሊንኩን ስታስገባ ተጠንቀቅ። ሰዎች ስልካቸው ላይ ያያሉ፣ ማታ ቤት ገብተው በላፕቶፕ ይይዛሉ። ሊንክህ ስልኩ ላይ ቀረ፣ ኮሚሽኑም አብሮ ቀረ። «ዝርዝሩን ወደ ኢሜይሌ ላክ» የሚል ቁልፍ ካለህ ግን ላፕቶፑ ላይ የሚከፍተው ያንኑ ሊንክ ነው። ለተጠቃሚውም ይመቸዋል።

ዲዛይነሯ

ሁላችሁም ስለ ምንጩ እያወራችሁ ነው። እኔ ስለ ሰዓቱ ልናገር፣ ምክንያቱም ያው ሊንክ በአንድ ስክሪን ላይ እርዳታ፣ በሌላው ላይ ሽያጭ ይሆናል።

ሰው አፑን ገና ሲከፍት «ሆቴል ያዙ» የሚል ነገር ፊቱ ላይ ብትደቅንበት ይዘጋዋል። ገና የት እንደሚሄድ አልወሰነም እኮ! አሁን እንዲህ አስበው። ተጠቃሚዋ የበረራ ቁጥሯን አስገባች። አፑ ማክሰኞ ምሽት 4 ሰዓት ላይ እንደምታርፍ አወቀ። የማክሰኞን ገጽ ስትከፍተው የማደሪያው መስመር ባዶ ነው። እዚያችው ባዶ መስመር ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ «ለዚህ ሌሊት ማደሪያ አልተመዘገበም፤ ከኤርፖርቱ ቅርብ የሆኑትን ላሳይ?» የሚል ይውጣ። ከጎኑ «አለኝ» የሚል ይኑር። «አለኝ» ካለች ዳግም አትጠይቃት። በቃ። ይኼ ማስታወቂያ አይመስልም። ረስታው የነበረውን ነው ያስታወስካት።

ኢሲምም (በኢንተርኔት ተገዝቶ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) እንደዚሁ ነው። የሚታየው ከመነሻው አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ሻንጣ በሚዘጋጅበት ሰዓት ነው። ከወር በፊት ማንም ግድ አይሰጠውም። ካረፈ በኋላ ደግሞ ለመግዣ የሚሆን ኢንተርኔት የለውም።

ከዚህ ጋር የማልደራደርበት ነገር አለ። ዝርዝሩን በኮሚሽን መጠን አትደርድር። የሚቀርበውን፣ የሚሻለውን ከላይ አድርግ። ከሊንኩ እንደምታገኝም በግልጽ ጻፍ፦ «በዚህ ሊንክ ሲይዙ አፑ ኮሚሽን ያገኛል፣ የእርስዎ ዋጋ አይጨምርም»። አሜሪካን ጨምሮ ብዙ አገሮች ይህን በሕግ ይጠይቃሉ። ሕግ ባይኖርም ሰው አንድ ቀን መጥፎ ሆቴል ውስጥ ካደረ የሚያማርረው አንተን ነው።

ባለ ካርታው

ገቢ ገቢ ብቻ ሆነ ጨዋታው። ወጪውንስ?

የካርታ ሒሳብ በየወሩ እየመጣ ነው ብለሃል። ምንድነው የምትጠቀመው? ጉግል በ2018 የካርታውን የዋጋ አሠራር ሲቀይር ስንት ትንሽ አፕ ሂሳቡ አናቱ ላይ ወጥቶበታል። ደግሞ ከጉግል ያመጣኸውን የካርታ መረጃ ለኦፍላይን አከማችተህ እንዳትጠቀም ውላቸው ይገድባል። ኦፍላይን ዋናው ጥቅምህ ከሆነ በጎ ፈቃደኞች በጋራ ወደሚሠሩት ካርታ፣ ወደ ኦፕንስትሪትማፕ ብትሄድ ይሻልሃል። መረጃው በነፃ ነው። ግዴታው ምንጩን አፑ ላይ መጥቀስ ነው፤ መረጃውን ራሱን አሻሽለህ ለሌላ ካከፋፈልክ ደግሞ በዚያው ፈቃድ ማካፈል አለብህ።

አደራ ግን፣ የእነሱን ሰርቨር እንዳትጋልብ። የካርታ ምስሎችን ከሰርቨራቸው በጅምላ ማውረድ ክልክል ነው፣ ይዘጉብሃል። መረጃውን አውርደህ በየከተማው ቆርጠህ ከራስህ ማከማቻ ስጥ። የአንድ ከተማ ፋይል ትንሽ ነው። አንዴ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው በቀን መቶ ጊዜ ካርታውን ቢያገላብጥ አያስወጣህም።

ነፋስ

ማንም ያላነሳው አንድ መንገድ አለ። የተጠቃሚዎቹን የጉዞ መረጃ የሚገዙ ድርጅቶች አሉ። ማን የት እንደሚሄድ፣ መቼ፣ ስንት ሰው ሆኖ። ስማቸውን ከሰረዝክ ችግር ያለው አይመስለኝም።

ትኬት ቆራጯ

ወንድሜ፣ ችግር አለው። ይኼ መረጃ ምን እንደሚናገር ልብ በል። ይህ ሰው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ቤቱ የለም ይላል። ከነቤተሰቡ። ስሙን ብትሰርዘውም የሚነሳበትን ቦታ፣ ቀኑንና አብረውት የሚሄዱትን አገጣጥሞ ማንነቱን ማግኘት አይከብድም።

በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ቅጣቱ ከዓመታዊ ሽያጭ እስከ 4 በመቶ ወይም እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ፣ ከሁለቱ ከፍ ያለው ነው። እኔ ግን ሕጉን ትቼ ነው የምለው። ሰው ዕቅዱን የሰጠህ አምኖህ ነው። ሻንጣዬ፣ እባክህ ይኼን መንገድ አትሂድበት።

ሻንጣዬ

አልሄድበትም፣ አታስቢ። ነፋስም በቅንነት ነው ያነሳው፣ ደግ አደረገ፤ መልሱ እዚህ መጻፉ ለሌላውም ይጠቅማል።

ቡድን መሪ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፤ አፑን ስታብራራው የታየኝ ሌላ ነገር ነው።

እኛ ለእንግዶች ፕሮግራም የምንልከው በፒዲኤፍ ነው። በረራ ይዘገያል፣ ሌላ ፒዲኤፍ እንልካለን። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ መሆኑ ይታወሰናል፣ ሌላ ፒዲኤፍ። እንግዳው ስልክ ላይ ተመሳሳይ ስም ያላቸው አራት ፋይሎች ይከማቻሉ። እሱ ሦስተኛውን ይከፍታል፣ ሹፌሩ ሁለተኛውን አትሞ ይዟል፣ እኔ አራተኛውን አውቃለሁ። ሰዎቹ የሆቴል በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ መኪናው ሌላ ቦታ ቆሟል። ከዚያ ስልክ መደወል ነው።

አንተ ደግሞ ዕቅዱን በጋራ ማረም ይቻላል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይታያል አልክ። ለእኛ የሚያስፈልገን ይኼው ነው። የድርጅታችን አርማ ይኑርበት፣ እኛ ቢሮ ሆነን ስንቀይረው እንግዳውም ሹፌሩም ጋ ይቀየር፣ እንግዳው ግን እንዳያርመው። ለዚህ በየወሩ ብንከፍል አይቆጨንም። በየቀኑ የምንሠራበት ነዋ።

ኮደሩ

ሻንጣዬ፣ ይኼን ሁለት ጊዜ አንብበው። ወርሃዊ ክፍያ አይሆንም ያልኩት ለተጓዡ ነው። ጉዞ ለሚያዘጋጀው ሰው ግን አፑ የሥራ ዕቃ ነው፣ በየቀኑ ይከፈታል። አስጎብኚ፣ የትምህርት ጉዞ የሚያዘጋጅ፣ ስብሰባ የሚያሰናዳ፣ ለደንበኛ ዕቅድ እየጻፈ የሚሸጥ ሰው፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። ሁለት የተለያየ ዋጋ ይኑርህ፦ ለተጓዥ በጉዞ፣ ለድርጅት በወር።

የሒሳብ ሰው

ጥሩ ነው፣ ግን ድርጅት ደንበኛ ሲሆን ሥራው ይለወጣል። ሌሊት ሰርቨር ቢቆም ሰላሳ እንግዳ መንገድ ላይ ያለው ሰው ነው የሚደውልልህ። ለደንበኛ ስልክ የሚመልስልህ ሰው ያስፈልጋል። ደረሰኝ፣ ውል፣ «አንድ ነገር ጨምርልን» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አንድ ድርጅት ስለጠየቀህ ብቻ አፑን ለእሱ እንዳታጣምመው። በሁለት ሦስት ድርጅት ጀምርና የሚደጋገመውን ጥያቄ ብቻ ሥራ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ኮሚሽኑ ሲጣፍጥ «ለምን እኔው ሆቴሉንና መኪናውን አንድ ላይ አድርጌ አልሸጥም» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ የሚሠራው የጥቅል ጉዞ መመሪያ ሁለት ዓይነት አገልግሎት ለአንድ ጉዞ አጣምሮ የሚሸጥን ሰው እንደ አዘጋጅ ነው የሚቆጥረው። ሆቴሉ ቢያጎድል ተጠያቂው አንተ ነህ። ብትከስር ደግሞ የደንበኛው ገንዘብ የሚመለስበትን ዋስትና አስቀድመህ ማቅረብ አለብህ። ኢንሹራንስ መሸጥም በብዙ አገር ፈቃድ ይጠይቃል። ለጊዜው ሰውን ወደ ሻጩ ገጽ አድርስ፣ ክፍያው እዚያው ይፈጸም።

ሻንጣዬ

እስካሁን የገባኝን ይዤ ሥራ ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ካርታውን ወደ ኦፕንስትሪትማፕ አዞራለሁ፣ ወጪው ይቀንስ። ከዚያ የጉዞ ፓስ። ዲዛይነሯ ያለችውን ባዶ መስመር እየሣልኩት ነው። ቡድን መሪ፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ፣ እስቲ እየው።

የቀረኝ የፓሱ ጉዳይ ነው። ምኑን በነፃ ልተው፣ ምኑን ልዝጋ? ቡድን ሆነው ሲሄዱስ ሁሉም ይክፈሉ ወይስ አንዱ?

ዲዛይነሯ

ማቀዱ በነፃ ይሁን፣ እስከ መጨረሻው። ሰው ዕቅዱን ሠርቶ ሲጨርስ ነው አፑን የራሱ የሚያደርገው። የሚከፈልበት ደግሞ፣ መንገድ ላይ የሚያስፈልገው ይሁን፦ የኦፍላይን ካርታ፣ የበረራ ለውጥ ማሳወቂያ፣ ትኬቶችን በአንድ ቦታ ማስቀመጥ። የምትጠይቀውም ከመነሻው በፊት፣ ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ነው። ኤርፖርት ደርሶ ያለ ኢንተርኔት የቆመ ሰው መክፈል ቢፈልግም አይችልም። ያኔ የተቆለፈ ካርታ ብታሳየው ይቅር አይልህም።

ያለ ክፍያም ቢሆን የሆቴሉ አድራሻና የበረራ ሰዓቱ ሁልጊዜ ይከፈትለት። እነዚህ አይቆለፉም።

ኮደሩ

ቡድን ከሆኑ አንዱ ይክፈል፣ ለሁሉም ይከፈት። ከአምስት ጓደኛሞች አራቱ አፑን የሚያወርዱት አንዱ ስለጋበዛቸው ነው። በየሰው አስከፍላለሁ ካልክ ግብዣው እዚያው ይቆማል፤ ስክሪንሾት እየተላላኩ ይጨርሱታል። አንዱ ከፍሎ አራቱ ከተጠቀሙበት ግን የሚቀጥለውን ጉዞ ከሌላ ቡድን ጋር ሲያስቡ አፑ ስልካቸው ላይ አለ።

ቴክኒኩን በተመለከተ ፓሱን ከሰውየው አካውንት ሳይሆን ከጉዞው ጋር እሰረው። ከፋዩ ከቡድኑ ቢወጣ ወይ ስልኩ ቢጠፋ ፓሱ ለቀሪዎቹ ይቆያል። ቀኑ ቢራዘምም አብሮ ይራዘም፤ በረራ ስለተሰረዘበት ሰው ዳግም አታስከፍል።